የማያሳምመው ስኳር

በእኛ ቤት ስኳር ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያሳምምና የማያሳምም። ስሙን ያወጡለት የባለቤቴ እናት እማማ በላይነሽ ናቸው። ዛሬ ይህን ስም ስጠራ ያስቀኛል። ያን ቅዳሜ ግን በዚህ ስም ምክንያት አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መሪውን ሊያጣ፣ አንዲት ልጅ እንጀራዋን ልታጣ፣ የእኔም ነፍስ ልትወጣ ለትንሽ ነው የተረፍነው።

ነገሩ የጀመረው ባለቤቴን ዳዊትን ሐኪሙ «ስኳርህ ከፍ ብሏል» ካለው በኋላ ነው። ዳዊት ኤርፖርት የጭነት ክፍል ይሠራል፤ ሻይ የሚጠጣው ለሻዩ ሳይሆን ለስኳሩ ነው። ስኳር ከተከለከለ ወዲህ ብርጭቆውን ፊቱ አስቀምጦ እንደ ተቀየመ ሰው ሲያፈጥበት አንጀቴን በላው። ጠያይቄ ጀርመኖቹ ቢርከንዙከር የሚሉትን ገዛሁለት። ነጭ ዱቄት ነው፤ ለዓይንም ለምላስም ከስኳር አይለይም፣ ብቻ አፍ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል። ትክክለኛ ስሙ ክሲሊት ነው፤ ስኳር አልኮል ከሚባሉት ወገን። ዳዊት አልኮል የሚለውን ሲሰማ «እንግዲያው ማንኪያውን ሞላ አድርጊልኝ» ብሎ ቀለደ። ስካር ግን የለበትም።

እኔ ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ነው የምንኖረው። ኒደርራድ ካሉት ትልልቅ የቢሮ ሕንፃዎች በአንዱ የጽዳት ሠራተኞችን አስተባብራለሁ። የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሳልይዝ የሰው በር አላንኳኳም፤ ሰውም በሬን ሳይደውል ሲያንኳኳ ደስ አይለኝም። ዘመዶቻችን «ሰብለን ጀርመን ጨርሶ ወሰዳት» ይሉኛል። እኔም በሆዴ፣ ምነው እናንተንም ትንሽ በወሰዳችሁ እል ነበር።

እማማ ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ዘንድ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቤታችን መተላለፊያ ሆኗል። ከቤታቸው ባዶ እጁን የወጣ እንግዳ ካለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ከአገር ቤት የመጣ ነገር ሁሉ በማንኪያ እየተለካ ፌስታል ውስጥ ይገባና ተቋጥሮ ይሄዳል። የተቀበለውም ብቻውን አይበላውም፤ ግማሹን ለሌላ ይቋጥራል። አንድ ጊዜ የእኛው በርበሬ ሦስት ቤት ዞሮ ለእኔው በስጦታ መጥቶልኛል።

ከረጢቱ ትልቅ ነበር። እንደ ልማዴ ጀርባውን አነበብኩ። ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ እርጥበት ስለሚስብ አፉን ዝጉ፤ አብዝቶ መብላት ሆድ ያላላል። ከዚያ በታች ቀይ መስመር የተጋደመበት የውሻ ሥዕል ነበረ፣ ከጎኑም ጥቂቱም ቢሆን ውሻን ሊገድል ይችላል ይላል። ሳቄ መጣ። በፍራንክፈርት ከማውቃቸው ሐበሾች ማን ውሻ አለው? የእኛ ሰው ለራሱ መኖሪያ በስንት መከራ እያገኘ ለውሻ የሚተርፍ ምን ቦታ አለውና? አፉን በመቆንጠጫ ዘጋሁት፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት፣ ረሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ለዳዊት ሻይ ላዘጋጅ ከረጢቱን ሳወርደው ቀለለኝ። ከግማሽ በታች ሆኗል። መቆንጠጫው የለም፤ አፉ ተጠቅልሎ ነው የተቀመጠው፣ ዳር ዳሩም እርጥበት ገብቶት ጓል ሠርቷል። እማማን ምን እንደነካው ጠየቅኋቸው። ምንም አላፈሩም።

«ምን ይነካዋል? ሰው ቀመሰው እንጂ» አሉኝ። «እዚህ አገር ስኳር የያዘው ሰው ስንት ነው? የማያሳምም ስኳር ቤት አስቀምጦ ዝም ማለት ነውር አይደለም እንዴ?»

ወንበር ላይ ወጥተው፣ በጭልፋ እየቀዱ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ቋጥረው ሲሰጡ ከርመዋል። ስም አልተጻፈበትም፣ ምልክት የለውም፤ ፌስታል ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት። ተናደድኩ። የሰጧቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አስቆጠርኳቸው፤ እሳቸው እንደሆኑ የሰጡትን ሰው አይረሱም። አራት ቤት ነው። አንዱም ቤት ውሻ የለም። ትንሽ ተነጫንጬ፣ ሁለተኛ እንዳይነኩት አስጠንቅቄ ነገሩን ተውኩት። በሩ ባይንኳኳ ኖሮ ሻዬን ጠጥቼ እውል ነበር ማለት ነው።

ሻዩ ሳይቀዳ እትዬ ለተብርሃን መጡ። እትዬ ለተ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ኤርትራዊት ናቸው፤ ልጅ ሳሉ በአማርኛ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ከአራቱ ቤቶች አንዱ የእሳቸው ነው። ድስት ሊመልሱ ነበር አመጣጣቸው። እኔም ስለ ስኳሩ ስጠይቃቸው ገና አልነካሁትም ብለው ይመልሱልኛል ብዬ ነበር።

«እኔማ ስኳር የለብኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ቦናመስ ሰፈር ለሚኖረው ለአቶ ከበደ ሰጠሁት። እሱም ከፍሎ ለልጁ ለሜሮን ሰጣት። ዛሬ ለዚያ ለምትጦረው ሽማግሌ የልደት ኬክ ልትሠራበት ነው፤ እሱም ስኳር አለበት አሉ። ዓይነ ስውሩ፣ ታውቂው የለ፣ ያ ውሻው የሚመራው።»

እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ ወደቀ። እንደ ልብ ወለድ አይምሰላችሁ፤ በእርግጥ ወደቀ። እማማ «በስመ አብ» ብለው ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ እኔ ከረጢቱን አገላብጬ የውሻውን ሥዕል አሳየኋቸው። ማንበብ አላስፈለጋቸውም። ቀዩን መስመር አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸው ተለወጠ።

ሜሮን የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ጥገኝነት ጠይቃ መልስ የምትጠብቅ፣ በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራ ገና የሙከራ ጊዜዋን ያልጨረሰች። ደጋግሜ ደወልኩላት፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሥራ ላይ ስልኳን ካፖርቷ ውስጥ ነው የምትተወው። ቀጣሪዋ ቢሮ ቅዳሜ ስለሆነ መልእክት ተዉልን ይላል። ለአባቷ ለጋሼ ከበደ ደወልኩ። እግዜር ይስጣቸው ወዲያው አነሱ። የሽማግሌውን የቤተሰብ ስም አያውቁም፣ የመንገዱንም ስም አያውቁም። አንድ ቀን ግን ልጃቸውን በመኪና አድርሰዋታል፤ ጋሼ ከበደ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ስም አያስፈልግሽም» አሉኝ። «አንቺ ኒደርራድ ጣቢያ ውረጅና ደውይልኝ። እኔ እወስድሻለሁ።»

ጃኬቴን ለበስኩ። ከረጢቱን እንዳለ ይዤ ልወጣ ስል እማማ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል። ይቅሩ ብዬ ለመንኳቸው፤ ደረጃው አለ፣ ባቡሩ አለ፣ እግራቸው አለ። «ከእጄ ነው የወጣው፣ እሄዳለሁ» ብለው ቀድመውኝ ወረዱ። ያቺ በየደረጃው «ወገቤን» የምትል አሮጊት የት እንደገባች አላውቅም። ጋሉስቫርተ ጣቢያ የደረሱት ከእኔ ቀድመው ነው።

ከዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ከሃውፕትባንሆፍ፣ ቀይረን ኒደርራድ እስክንደርስ ባቡሩ የቆመ መሰለኝ። በስልኬ ሳነብ የባሰ ፈራሁ። ይህ ዱቄት ለሰው ጉዳቱ ሆድ ማላላት ብቻ ነው። የውሻ ሰውነት ግን እውነተኛ ስኳር የመጣ ይመስለውና ይታለላል፤ በደሙ ያለውን ስኳር ሁሉ ያወርድበታል፤ ከባሰም ጉበቱን ይመታል። እማማ ምን ይላል አሉኝ። አሳጥሬ ነገርኳቸው። ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ለውሻ ሲጸለይ ያን ቀን ነው ያየሁት።

ጣቢያው ወርደን ጋሼ ከበደን በስልክ ያዝኳቸው። እዚያው ሰፈር ነው የምሠራው፣ ግን የማውቀው የቢሮዎቹን ወገን ብቻ ነው፤ እሳቸው የላኩኝ በወዲያኛው በኩል ነው። ቦናመስ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መሆን አለበት፣ አንድ በአንድ መሩኝ። በስተግራሽ መድኃኒት ቤት አለ፣ እለፊው። ድልድዩን አትሻገሪ። የትራሙን ሐዲድ ይዘሽ ሂጂ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ ውስጥ ታጠፊ። ዳቦ ቤቱ አሁን ስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ስነግራቸው «እሱ ነው፣ ግድግዳው አልተለወጠም፣ ግቢ» አሉኝ። እማማ ከኋላዬ ይሮጣሉ። ቴርሚን ካልያዝኩ በር የማላንኳኳው ሰብለ፣ ስሙን የማላውቀውን ሰው ቤት በሰው አፍ እየተመራሁ እፈልጋለሁ።

ሕንፃውን አገኘነው። የትኛው ደወል እንደሆነ ግን ጋሼ ከበደም አያውቁም። ሁሉንም ተጫንኩት፣ ከላይ እስከ ታች፣ በመዳፌ። አንድ ጎረቤት ገና ከምድር ቤቱ በር ብቅ ሲል መቆጣት ጀመረ። እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩ አላውቅም፣ ዓይነ ስውሩና ውሻው የት ነው አልኩት። ሁለተኛ ፎቅ አለኝ። ትቼው ሮጥኩ።

የከፈተችልን ሜሮን ናት። ሽርጧን እንዳሰረች፣ እየሳቀች። ከኋላዋ ሽማግሌው ሄር ሊንድነር ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ኬኩ መሃል ላይ ነው። አንድ ቁራሽ ጎድሎለታል።

«ሜሮን፣ ያን ቁራሽ ማን በላው?»

«ብሩኖ» አለች። «ሁሌ በልደታቸው የመጀመሪያው የእሱ ነው አሉኝ። ምነው?»

ብሩኖ የተባለው ወፍራም ቢጫ ውሻ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። ደህና ይመስላል፤ እንዲያውም ጅራቱን አንዴ መታ አደረገልኝ። ከረጢቱን አውጥቼ ጮክ ብዬ ለሁሉም አነበብኩላቸው፤ በጀርመንኛ፣ ቃል ሳልዘል። ሜሮን መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሄር ሊንድነር ግን አልጮኹም። እጃቸውን ወደ ወለሉ ዘርግተው «ብሩኖ፣ ና» አሉ። ውሻው ተነሣ። ሁለት እርምጃ ሄደ፣ የኋላ እግሩ ተንሸራተተ፣ ሊቆም ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሽማግሌው የመውደቁን ድምፅ ሰሙት። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

በሜሮን ስልክ የእንስሳት ሐኪም ቤት ደወልኩ። የተቀበለችኝ ሐኪም ምን እንደበላ፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ የውሻው ክብደት ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የውሻውን ክብደት ሽማግሌው፣ የኬኩን ነገር ሜሮን እያለቀሰች መለሱ። ከረጢቱ ላይ መቶ በመቶ ክሲሊት የሚለውን ሳነብላት ድምፅዋ ተለወጠ። አሁኑኑ አምጡት፣ ከረጢቱንም እንዳትረሱ አለችኝ።

ማምጣቱ እንዴት ይሁን? ሁለት ፎቅ፣ ሰላሳ ኪሎ የሚሆን ውሻ፣ እግሩ የማይታዘዘው። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ እኔ በሕይወቴ ውሻ ነክቼ አላውቅም። ቆሜ ሳመነታ እማማ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ወለሉ ላይ ዘረጉት። ስለዚህ ጋቢ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናታቸው የፈተሉት ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ በቀር አያወጡትም፤ ዳዊት አንድ ቀን እግሩን ቢያሳርፍበት ተቆጥተውታል። በእሳቸው ደንብ ውሻ የነካው ልብስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም።

«በዚህ ያዙት» አሉ። «በቃሬዛ ነው በሽተኛ የሚወርደው።»

አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ አንዱን ሜሮን። ሦስተኛውን ያ ሲቆጣ የነበረው ጎረቤት ሳይጠየቅ መጥቶ ያዘ። አራተኛውን ሄር ሊንድነር ጨበጡት። ዳዊት በኋላ ይህን ስነግረው አላመነኝም፤ ያን ደረጃ ከሁላችን ቀጥ ብለው የወረዱት እሳቸው ነበሩ። እያንዳንዱን መታጠፊያ አስቀድመው ይነግሩን ነበር። እማማ ከረጢቱንና የእኔን ስልክ ይዘው ከፊት ከፊት በር ይከፍታሉ። ስልኩ አልተዘጋም ነበር፤ ጋሼ ከበደ ከቦናመስ ሁሉንም እየሰሙ ነው። ከታች ስንደርስ የእማማ እጅ ውስጥ ሆነው ተናገሩ። ጣቢያው ጋ የሚቆም የድሮ ባልደረባ አላቸው፤ በቤታቸው ስልክ ደውለውለት እየመጣ ነው። ታክሲው ጥጉን ሲታጠፍ ገና ጋቢውን መሬት አላስነካነውም ነበር።

ሐኪም ቤት ደም ወሰዱለት። ስኳሩ በጣም ወርዷል። ወደ ውስጥ ወስደው የፊት እግሩ ላይ መርፌ ሰክተው ከላይ የውሃ ከረጢት ሰቀሉለት። ሐኪሟ መጥታ ስታነጋግረን የእኛን ከረጢት በእጇ ይዛለች። ብዙ ሰው ነጭ ነገር በላብኝ ብሎ ይመጣል፤ ምን እንደሆነ እስኪጣራ ጊዜው ይሄዳል፤ እናንተ ግን ስሙን ይዛችሁ መጣችሁ አለች። አይዟችሁ ግን አላለችም። ስኳሩን ማስተካከል ይቻላል፣ ጉበቱን ግን ጥቂት ቀን ጠብቀን ነው የምናውቀው አለችን።

እማማ የተሰቀለውን በመስታወቱ አሻግረው አዩና ምንድን ነው አሉኝ። ስኳር ነው አልኳቸው።

«የቱ?»

«የሚያሳምመው።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሎኝ ልይዛቸው ስል ለካ እየሳቁ ነው። እኔም ሳቄ መጣ። የጀርመን ሐኪም ቤት ወንበር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሐዘን በተቀመጠበት፣ ሁለት ሴቶች አፋችንን ይዘን ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ ሁለታችንም አለቀስን።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ለተ መጡ፤ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ይዘው። ጋሼ ከበደም ከቦናመስ በምድር ውስጥ ባቡር መጥተው ሳያንኳኩ ገቡ። ሜሮን ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሥራዋ እንደሚያበቃ፣ ሥራዋ ካበቃ ወረቀቷም እንደሚበላሽ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ብሩኖ እንደሚሞት እርግጠኛ ሆናለች። እትዬ ለተ እጇን ይዘው በትግርኛቸው «አጆኺ፣ አይዞሽ» ይሏታል፤ አትሰማም። በመጨረሻ ተነሥታ ሄር ሊንድነር ፊት ቆመች። ያለችውን ልድገመው፣ እንዲህ አለቻቸው፤ ኬኩን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሰኞ ለቢሮው ራሴ ነግሬ እለቃለሁ፣ እርስዎ ብዙ አይድከሙ።

ሽማግሌው ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ከፍተው ተቀምጠዋል። ያ እጅ ሁልጊዜ የውሻውን እጀታ የሚይዘው እጅ ነው።

«ሰኞ በሰዓትሽ ነይ» አሏት። «ብሩኖ እስኪወጣ የምትመሪኝ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ማን ማን እንዳለ ጠየቁ። እያንዳንዳችን ስማችንን ተናገርን። የኬኩ ስኳር ከማን ወደ ማን እንደሄደ በጀርመንኛ አስረዳኋቸው፤ ከእማማ ወደ እትዬ ለተ፣ ከእሳቸው ወደ ጋሼ ከበደ፣ ከእሳቸው ወደ ሜሮን። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከሁሉ ያስገረማቸው አንድ ነገር ነበር፤ አራቱም ሰዎች ለማን እንደሰጡ ማወቃቸውና አራቱም እዚህ መገኘታቸው። እሳቸው በዚያ ሕንፃ ስንት ዘመን ሲኖሩ የጎረቤታቸውን ድምፅ በደንብ የሰሙት ዛሬ ጋቢውን ሲይዝ ነው።

የብሩኖን መጨረሻ ከመንገሬ በፊት አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ከጨረስኩ በኋላ የሚሰማኝ የለም። ይህን የመሰለ ዱቄት ቤታችሁ ካለ ከመጣበት ከረጢት አታውጡት። ማውጣት ግድ ከሆነ ስሙንና ማስጠንቀቂያውን ጽፋችሁ ለጥፉበት። አፉን ዝጉት፣ ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ወለል ላይ የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ አንሡት፤ ውሻ ወለል ይልሳል። የውሻም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጋሼ ከበደ «የማያሳምም ከሆነማ» ብለው ከዚያው ስኳር ያለ ልክ ጠጥተውበት አንድ ቀን ሙሉ ከቤት እንዳልወጡ ነግረውናል፤ ለምን እንዳልወጡ እናንተ ገምቱ። ደግሞም «ውሻ ያለው ሰው አላውቅም» አትበሉ። እናንተ አታውቁም፤ ቋጠሯችሁ ያውቃል።

እኔ ግን የተለወጥኩት በዚህ አይደለም፤ መለያ ማንበብ ድሮም እወዳለሁ። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የእኛን ሰው መስጠትና መቀበል፣ ሳይጠሩ መምጣት፣ የእከሌ ልጅ የእከሌ ጎረቤት ማለትን እንደ ሸክም ነበር የማየው። መርዙን ከጋሉስ ኒደርራድ ያደረሰው ይህ ልማዳችን ነው፤ አልክድም። ግን ተከትሎት ሮጦ የያዘውስ? የሰጠውን የማይረሳ ሰው ባይኖር፣ በአንድ ጥሪ ስልኩን የሚያነሣ ባይኖር፣ የእናቱን ጋቢ መሬት ላይ የሚዘረጋ ባይኖር፣ እኔ ከረጢቴን አንብቤ ቤቴ በቀረሁ ነበር። ዛሬ እኔም እቋጥራለሁ። ስም እጽፍበታለሁ እንጂ እቋጥራለሁ። እማማም አሁን ያለ ወረቀት አይሰጡም፤ በራሳቸው እጅ፣ በትልልቁ፣ «ለውሻ መርዝ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ውሻ ለሌለውም፣ በርበሬም ቢሆን።

ብሩኖ የወጣው ማክሰኞ ነው። የጉበቱ ምርመራ ጥሩ ሆኖ መጣ። ሐኪሟ ወደ ቤቱ ይሂድ ስትል ሜሮን አቀፈቻት፤ ሴትየዋ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት። ሁላችንም መጥተናል፤ ዳዊትም ከሥራ አስፈቅዶ መጥቷል። ሄር ሊንድነር ተንበርክከው የብሩኖን ማሰሪያ ራሳቸው አሰሩለት። ተነሡ፣ እጀታውን ጨበጡ፣ ትከሻቸውም ቀና አለ።

ከሐኪም ቤቱ በር እስከ ትራሙ ድረስ አንድ ትልቅ መንገድ ይሻገራሉ። ብሩኖ ከፊት፣ ሽማግሌው ከጎኑ፣ ከኋላቸው እኛ፤ እማማ በታጠበው ጋቢያቸው፣ እትዬ ለተ፣ ጋሼ ከበደ፣ ሜሮን፣ ዳዊት፣ እኔ። ሰው ቆሞ ያየናል። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ብሩኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኛም ከኋላው በሰልፍ ቆምን። መንገዱ ባዶ ነው፤ መኪና የለም። በሕይወቱ መብራት ጠብቆ የማያውቀው ዳዊት አንድ እግሩን ሊያወርድ ሲል እማማ በጃኬቱ ጎተቱት።

«ጠብቅ» አሉት። «መሪው ቆሟል።»

ሄር ሊንድነር አረንጓዴ ሲበራ መብራቱ ለዓይነ ስውራን የሚያሰማውን ድምፅ ሰሙና «ፎራን» አሉ፤ ወደፊት ማለት ነው። ብሩኖ ጅራቱን ቀና አድርጎ እርምጃውን ጀመረ፣ አንድም እግሩ ሳያዳልጠው። ስድስታችንም ተከትለነው ተሻገርን።